ለአልታየች ጉልበት የሚሆን ቤት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ካፖርቱን የሚያወልቀው ሲተኛ ነው፤ አንዳንዱማ ሲተኛም አያወልቅም። ወይዘሮ አልታየች እዚያች ከተማ ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገብታ ጡረታ እስክትወጣ ሠርታለች። አስቡት እንግዲህ፤ ለአገሩ ሁሉ ብርድ ልብስ ስታወጣ የኖረች ሴት፣ የራሷ ጉልበት አንድ ቀን እንኳ ሞቆት አያውቅም። ቁርጥማቱ ጀመራት፣ ባሰባት፣ ከዚያ እንደ ቤተሰብ አብሯት ይኖር ጀመር። ከመቀመጫዋ ስትነሳ እጇ ግድግዳ ይይዛል፣ አፏ ደግሞ "ድንግል ሆይ" ይላል። ጎረቤቶቿ ይህቺን "ድንግል ሆይ" ከአጥር ማዶ ሲሰሙ፣ አልታየች ተነሳች ማለት ነው፣ ይላሉ።

ማታ ማታ ባሏ ባየው ሸካራ ጨው በመጥበሻ አሙቆ፣ በጨርቅ ቋጥሮ፣ ጉልበቷ ላይ ያደርግላታል። ባየው የፍቅር ቃል የሚያውቅ ሰው አይደለም። "ጨው ላሙቅልሽ?" ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። እሷም ሌላ ቃል መጠበቅ ከተወች ቆይታለች።

ጡረታ በወጣች በሳምንቱ፣ ቁርስ ላይ፣ ዳቦውን እየቆረሰች፣ "አሊዩ አምባ ቤት ልንገዛ ነው" አለችው።

ባየው ሻዩን ፉት ብሎ ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ማን ነው የሚገዛው?"

"እኔና አንተ።"

"እዚያ ቆላ ምን አለ?"

"ሙቀት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ያደርግልኛል?"

ባየው አሰብ አደረገና "እሺ፣ እዚያ ብንሞት ማን ይቀብረናል?" አላት።

ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው ብትሰማው ትደነግጥ ነበር። ባየው ግን የእድር ዳኛ ነው። ዕድሜውን የግሬደር ሾፌር ሆኖ መንገድ ሲያስተካክል ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው እድሩን አሸከመው። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ሁሉ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ነው። ሰው ሲያስነጥስ ቀና ብሎ ያያል። አልታየች "እኔ የምሄደው ልኖር፣ አንተ የምትሄደው ልትቀበር" ብላ ሳቀችበት። እሱ ግን አልሳቀም።

ቤቱን ያገኘችላት ከአሊዩ አምባ ማንጎ እያመጣች የምትሸጥላት ደንበኛዋ ናት። ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ አንኮበር ጎረቤላ ያለው ልጃቸው "ኑ፣ ከእኔ ጋር ይኑሩ" ብሏቸዋል፤ ቤታቸውን ለደህና ሰው መሸጥ ይፈልጋሉ፤ ግቢው ውስጥ ሦስት የማንጎ ዛፍ አለ። አልታየች ከዚህ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ሮዳስ ደግሞ በስልክ "እማዬ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ፤ አባዬን ማሳመን ግን የአንቺ ሥራ ነው" አለቻት። የእኔ ብልጥ፣ ቀላሉን ለራሷ ወስዳ ከባዱን ለእናቷ ሰጠቻት።

ከባድ ነው ስል ለወሬ አይደለም። አልታየች ያለ ባየው አትሄድም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፣ ለእሱማ እንዴት ብላ ትናገራለች፤ በልቧ ግን ቁርጥ አድርጋ ታውቀዋለች። ባየው እምቢ ካለ የቀረ ዕድሜዋን ጉልበቷን በጨው እያሞቀች መኖሯ ነው። ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ "ቤቱን ሳላይ አልወስንም" አለ። እሷም ሐሳቡን ሳይቀይር ብላ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ይዛው ወረደች።

ጎረቤላ ሲደርሱ ጉሙ እጅህን አያሳይም። እዚያ ሚኒባስ ቀይረው ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁል ጀመሩ። አልታየች በመጀመሪያው ጥምዝ ጋቢዋን አወለቀች። በቀጣዩ ሹራቧን። ጉሙ ከበላይ ቀርቶ ፀሐይ ስትወጣ ካልሲዋንም አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ተሳፋሪው ምን ይለኛል እንኳ አላለችም። ባየው ከአጠገቧ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከላይ ጋቢ ደርቦ፣ የሱፍ ኮፍያውን እስከ ጆሮው ስቦ ተቀምጧል። ከካፖርቱ ሥር ሹራብ አለ፤ ከሹራቡ ሥርም ሌላ ሹራብ እንዳለ ታውቃለች።

"አውልቅ እንጂ፣ ላብህ እኮ እየወረደ ነው።"

"ለዚህ ነው የማላወልቀው። ላብ ላይ ንፋስ ከመታኝ ምች ነው። ምች የመታውን ሰው ስንቱን በእጄ ቀብሬያለሁ።"

"በመስኮት ተመልከት በቃ" አለችውና ተወችው። የደጋ ሰው ነገር ይገርማል፤ ብርዱን ሳይፈራ ኖሮ ሙቀት ሲያይ ካፖርቱን ጨምድዶ ይይዛል።

ሐጂ ሙዘይን ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው በር ላይ ጠበቋቸው። ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። ቤቱ በድንጋይ የተሠራ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ሰፊ በረንዳ አለው፤ ከፊት ለፊቱ ሦስቱ ማንጎዎች፣ ከጓሮው ፓፓያና ሎሚ። ሐጂ አስጎበኟቸውና "አሁን አዎም እምቢም አትበሉኝ። ዛሬ እደሩበት፣ ነገ እንነጋገራለን። ቤት እኮ ታድሮበት ነው የሚታወቀው" አሉ።

ባየው ሰፈሩን ልይ ብሎ ወጣ። አልታየች ከትልቁ ማንጎ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ፀሐይ ላይ ዘረጋች። ሙቀቱ ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ወጣ፤ ጉልበቷ ጋ ሲደርስ ዓይኗን ጨፈነች። ደስ አላት፣ በቃ። እንዲህ ደስ ብሏት የሚያውቀው መቼ እንደሆነ ልታስታውስ ሞክራ አልመጣላትም። ባየው ከመንገድ ተመልሶ በር ላይ ብቅ ሲል ብድግ ብላ ውኃ ልታመጣለት ወደ ቤት ገባች። እሱ ግን ውኃውን ጠጥቶ እንደገና ወጣ፤ ገና የሚያጣራው ነገር አለው።

ምን እንደሚያጣራ የሰማችው በኋላ ነው። ሻይ ቤት ገብቶ፣ ሻዩ ሳይቀዳለት፣ "እዚህ ሰው ሲሞት እንዴት ነው የምታደርጉት?" ብሎ ጠይቋል። ልብስ ሰፊው ጋ ሄዶ ሬሳ ወደ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን በመኪና ነው ወይስ በሸክም የሚወጣው ብሏል። ወፍጮ ቤት በር ላይ የቆሙትን ሴቶች ድንኳን እንዳላቸው፣ ድንኳኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ለእንግዳም ይወጣ እንደሆነ ጠይቋል። ይህን ሁሉ የሚጠይቀው ሰውዬ ደግሞ በዚያ ሐሩር ካፖርትና ጋቢ ለብሶ፣ ፊቱ በርበሬ መስሎ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ዳገቷን ሲወጣ ቁና ቁና ይተነፍሳል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? አሊዩ አምባም ያንኑ አለች።

ከቀትር በኋላ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት አንድ ትልቅ ፓፓያ ታቅፋ መጣች። ፓፓያውን አስቀምጣ የአልታየችን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና "አብሽሪ እህቴ፣ አይዞሽ" አለቻት። ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ሎሚ ይዞ መጣ፤ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ አብሽሪ አላት። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ሴቶች ማር በጣሳ፣ ዳማከሴ በእፍኝ ይዘው ገቡ። አልታየች ልቧ ሞቀ። የቆላ ሰው እንግዳ አቀባበሉ እንዲህ ነው እንዴ ብላ ተደነቀች፤ አብሽሪ የሚሏትም ለመንገዱ ድካም መሰላት።

ባየው ሲመለስ ግቢው ሞልቷል። ሰዉ ብድግ ብሎ መንገድ ለቀቀለት። አንዱ ክንዱን ያዘው፣ ሌላው ትራስ አመጣለት፣ አንዲት ልጅ በካርቶን ታራግብለት ጀመር። የነገሩ ምሥጢር አልገባውም፤ ግን ደክሞት ነበርና ተቀመጠ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉለት፤ ሰዉ ሁሉ አሚን አለ፤ ባየውም ነውር እንዳይሆንበት አሜን አለ። ከጡረታ ወዲህ ሰው ሲያስቀብር ለኖረ ሰው፣ እሱን ብሎ የመጣ ሕዝብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ ላይ አንድ ግራ የተጋባ ደስታ ነበረ።

በዚህ መሐል ሐጂ አልታየችን በከዘራቸው ጠቅሰው ወደ ጓሮ ወሰዷት።

"ልጄ፣ እንዳትቀየሚኝ። ቤቱን አልሸጥላችሁም።"

"ለምን? ምን አጠፋን?"

"ምንም አላጠፋችሁ። እኔ እዚህ ቤት ሚስት አግብቼበታለሁ፣ ልጆች ድሬበታለሁ። ስሸጠው የሚኖርበት ሰው እንዲገባበት ነው የምፈልገው። ገዢው ገብቶ ሳይሰነብት ለቅሶ የሚቀመጡበት ከሆነ አንጀቴ አይችልም። ባልሽን ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ፣ አላህ ያሽረው።"

"ማን ነው የታመመው?"

ሐጂ አዘኑላት። "አልነገረሽም እንዴ? አገሩን ሁሉ እንዴት እንደሚቀበር ሲጠይቅ ዋለ እኮ።"

አልታየች መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት። እጇን አፏ ላይ ጭና እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ሐጂ ቆመው ሲያዩዋት፣ ከኋላቸው የሎሚውንና የፓፓያውን ዛፍ ስታይ፣ ቤቱ እንደ ሄደ ገባትና ሳቁ እዚያው እንባ ሆነባት። "ጤነኛ ነው እኮ ሐጂ" አለች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የታማሚ ሚስት ሌላ ምን ትላለች?

ተመልሳ ባየው አጠገብ ተቀመጠች። ተናዳለች፤ በጣም ተናዳለች።

"እንኳን ደስ አለህ" አለችው በጆሮው። "የፈለግኸው ሆነ። ሐጂ ቤቱን አልሸጥም ብለዋል።"

"ምን ሆኑ?"

"ልትሞት የመጣህ መስሏቸዋል። ይህ ሁሉ ሰው የመጣው ሊጠይቅህ ነው። በዚህ ካፖርትህና በዚያ አፍህ።"

ባየው ሰዉን ዞር ብሎ አየ። የምታራግብለትን ልጅ፣ ዳማከሴውን፣ ማሩን አየ። አልታየች በቃ አሁን ተነሺ እንሂድ ይለኛል ብላ ጠበቀች። ዝም ማለት ብቻ እኮ ነው የሚጠበቅበት፤ ዝም ካለ ነገ ጠዋት ደብረ ብርሃን ነው፣ ከድንኳኑና ከእድሩ ጋር። እሱ ግን ዝቅ ብሎ የእሷን እግር አየ። ባዶ እግሯን ነበረች።

"ቅድም ከማንጎው ሥር ስትነሺ ድንግልን አልጠራሽም" አላት።

"እ?"

"ግድግዳም አልያዝሽም። እኔ በር ላይ ነበርኩ። እንዲሁ ብድግ አልሽ።"

አልታየች ልብ አላለችውም ነበር። መለስ ብላ ስታስበው እውነቱን ነው። እሷ ይህን ስታስብ ባየው ተነስቶ ቆሟል፤ በእድር ስብሰባ ላይ እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እኔ ደህና ነኝ። አልታመምኩም።"

"የታመመ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው" አለች ጎረቤቷ፣ ቀስ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ።

"ስለ ቀብር የጠየቅሁት እውነት ነው። ግን ለራሴ አይደለም።" ባየው ቆም አለ፤ ላቡን በጋቢው ጠረገ። "እኔ የእድር ዳኛ ነኝ። ሰው ሲሞት ማን ምን እንደሚይዝ፣ ማን ጥሩምባ እንደሚነፋ፣ ማን ጉድጓድ እንደሚቆፍር አውቃለሁ። እዚያ ሰፈሬ ነው፤ አንድ ቃል ብናገር መቶ ሰው ይወጣል። እዚህ ማንን አውቃለሁ? እሷ" አለና ወደ አልታየች ጠቆመ፣ "እሷ ቀድማኝ ብትሞትብኝ በር ላይ ወጥቼ ማንን ነው የምጠራው? ብቻዬን እንዴት አድርጌ ነው የማነሳት? እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው። ሌላ በሽታ የለብኝም።"

አልታየች ቀና ብላ ማየት አቃታት። እሷ ስንት ጊዜ ነው የሳቀችበት፤ አንተ የምትሄደው ልትቀበር እያለች ስንት ጊዜ ነው ያሾፈችበት። ለራሱ ፈርቶ የሚነጫነጭ ይመስላት ነበር። ለካ ያ ሁሉ ድንኳን ለእሷ ነበር። አንድም ቀን አልነገራት፤ ጨው ላሙቅልሽ ብሎ ብቻ ዝም።

ሐጂ ሙዘይን በከዘራቸው ግቢውን ዙሪያውን አመለከቱ።

"ወንድሜ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣኸው?"

"አዎ።"

"ስምህን የሚያውቅ ሰው ነበረ?"

"አልነበረም።"

"ስምህን ሳያውቅ፣ ሳትሞት፣ ታሟል ሲባል ብቻ ይኼ ሁሉ ሰው ግቢዬን ሞላው። የቀረውን አንተው አስበው።"

ባየው አንድ ጊዜ ፓፓያውን፣ አንድ ጊዜ ልብስ ሰፊውን አየ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው ላይ አነሳ። ኮፍያውን አወለቀ። የካፖርቱን ቁልፎች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ፈታ፤ አልታየች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ካፖርቱ ወጣ፣ ሹራቡ ወጣ፣ ሁለተኛው ሹራብ ወጣ፤ ሴቶቹ መሣቅ ጀመሩ። በመጨረሻ ባየው በካናቴራ ቆሞ ከቆላው ንፋስ ጋር ተያየ።

"ምን ያህል ልብስ ነው ይኼ?" አሉ ሐጂ ካፖርቱን በእጃቸው እየመዘኑ። "ይኼን ለብሼ ብሆን እኔም አልተርፍም ነበር።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና "ጎረቤላ ግን እንዲህ ይበርዳል እንዴ?" ብለው ጠየቁ።

"ይልበሱት ሐጂ" አለ ባየው። "እኔ አያስፈልገኝም።"

ሐጂ እዚያው ለበሱት። እጅጌው ረዘመባቸው፤ ግን ደስ ብሏቸዋል። "ቤቱን ነገ ሽማግሌ ጠርተን እንጨርሳለን" ሲሉ ግቢው በእልልታ ተሞላ። ልብስ ሰፊው እጅጌውን አሳጥርልዎታለሁ ሲል፣ የወፍጮ ቤቱ ሴቶች ማሩን መልሰው እንዲወስዱ አልታየች ለመነቻቸው፤ ማን ሊሰማት።

ፀሐይ ጥግ ስትይዝ ሰዉ እየተሰናበተ ወጣ። ሐጂ ለመግሪብ ሶላት ሄዱ። ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ለእንግዶቹ ሽሮ ልሥራ ብላ ጓዳ ገብታ ጉድ ጉድ ትላለች። ባየው በካናቴራው በረንዳው ላይ ተቀምጦ አሁንም ነፋሱን በጥርጣሬ ይከታተለዋል።

"ምች ከመታኝ ያንቺ ጥፋት ነው" አላት።

"ግድ የለም፣ ድንኳኑ የት እንደሚቀመጥ ጠይቀህልኛል።"

ባየው በዚህ ነገር ሲስቅ አየችው። ከደብረ ብርሃን ይዞት የመጣውን ፌስታል ጎትቶ አንድ የተቋጠረ ንጹሕ ጨርቅ አወጣ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ነው የቋጠረው፤ ከሱቅ የመጣ አዲስ ሸካራ ጨው ነው። ቤቱን እምቢ ሊል የመጣ ሰው፣ ለማታዋ ጨውዋን ይዞላት ወርዷል።

"ላሙቅልሽ?" አላት እንደ ሁልጊዜው።

አልታየች ጉልበቷን ዳሰሰችው። ሞቋል። በሁለት እጇ የባየውን እጅ ከነቋጠሮው ያዘችና ሳትለቀው ቆየች። ከጓዳው ጎረቤቷ "እህቴ፣ ጨው የለም እንዴ እዚህ ቤት?" ስትል ተሰማ።

"አለ" አለች አልታየች። "በል፣ ውሰድላት። ወጥ ውስጥ ይግባ።"